ሐረጎን ሲወጣ ብረት፣ ሲወርድ ኦክሳይድ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስትወጡ ባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ ታቃስታለች። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይግል ብሎ ቤንዚኑን ጨመር ያደርጋል፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስም ኦክስጅን የራቀው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል። ስትመለሱስ? ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንስታችሁ ስትወርዱ፣ ኢንጄክሽን ያላቸው መኪኖች ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጉታል። ሞተሩ ንጹህ አየር ስቦ ንጹህ አየር ይተፋል። (በነገራችን ላይ «በፍሪ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚባለው ለእነዚህ መኪኖች አይሠራም። በፍሪ ስትወርዱ ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ነዳጅ ይበላል፣ በማርሽ ስትወርዱ ግን አይበላም። ፍሬን ማቃጠሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።)

ይህን ሁሉ መገለባበጥ የምትቀበለው ከመኪናዋ ሆድ ስር፣ ከማርሚታው ፊት ያለችው ካታሊስት ናት፣ ራሷ ሳታልቅ የጭሱን መርዛም ጋዞች ያን ያህል ወደማይጎዱ ጋዞች የምትለውጠው። ውስጧ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ ብዙውን ጊዜም እርስ በርስ ተቀይጠው። ዳገቱ ላይ የእነዚህ ብረቶች ገጽ ንጹህ ብረት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከላይ ያሉት ጥቂት የአቶም ድርድሮች ኦክስጅን ይይዙና ኦክሳይድ ይሆናሉ። ያው ካታሊስት፣ ያው ብረት፣ ያው መንገድ። ግን ሥራዋን የምትሠራው በሁለት የተለያዩ ቆዳዎች ነው።

ስለ ካታሊስት ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የብረቱ ስም ነው፤ ፕላቲነም አለው ወይ፣ ስንት ግራም፣ ዋጋው ስንት ገባ። እኔ ግን ስሙ ግማሹን እንኳ አይነግረንም ባይ ነኝ። ጋዙ የሚነካው ስሙን አይደለም፣ ከላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ነው። እሷን ደግሞ የሚሠራት ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ትናንት በላይዋ ያለፈው ጋዝም ይሠራታል።

በቅርቡ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቆርጣ የወጣች ካታሊስት በእጄ ይዤ የማየት ዕድል ገጠመኝ። ባለመኪናው «ጭሱ ታፍኗል» ተብሎ ነው ያስወጣት። መካኒኩም «አብሽር፣ ያለሷም ትሄዳለች» አለው፣ እውነቱን ነው፣ ትሄዳለች። የብረት ቀፎው ሲከፈት ውስጡ ሞላላ ሴራሚክ አለ፣ ከዳር እዳር በቀጫጭን ቀዳዳ የተሞላ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 60 ገደማ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ወደ ሞተሩ የዞረው ፊቱ በጥቀርሻ ጠቁሯል፣ አንድ ጥጉ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ያ የሚመጣው ሻማው ሳያቀጣጥል የቀረ ቤንዚን ካታሊስቷ ውስጥ ገብቶ ሲነድ ነው። ሰበር አድርገን ስናየው መሃሉ ፈዛዛ ቡና ዓይነት ቀለም አለው። ያ ቀለም የአልሙኒየም፣ የሲሪየምና የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ልስን ነው። ውድ ውድ ብረቶቹ ግን አይታዩም። በጠቅላላው ጥቂት ግራም ናቸው፣ እሱም በልስኑ ውስጥ የተበተነ የናኖሜትር ብናኝ ሆኖ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

እንዲህ ያለችው ነገር ለምን ገዢ እንደማታጣ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የሮዲየም ዋጋ በአንድ አውንስ ወደ 29 ሺህ ዶላር ተጠግቶ ነበር። አንድ አውንስ 31 ግራም ገደማ ናት። ከዚያ ወዲህ ወርዷል፣ ቢሆንም አሁንም የዋዛ ብረት አይደለም። አሮጌ ካታሊስት የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለስሙ ነው። ቆዳዋ ኦክሳይድ ይሁን ብረት ግድ አይሰጠውም፣ መጨረሻው መቅለጥ ነው። መኪናዋ ግን የምትኖረው በቆዳዋ ነው።

እሺ፣ ይቺ ስስ ኦክሳይድ ምንድን ናት? ቤታችሁ ያለውን የአልሙኒየም ድስት እዩ። ልክ ሲፋቅ ያብለጨልጫል፣ ወዲያው ግን ከአየሩ ኦክስጅን ይዞ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር የሚሆን ሽፋን ያበጃል፣ ከዚያም ይቆማል። ሽፋኑ ራሱ መንገዱን ስለዘጋው ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ላይ ሲጀምር ከዚህም የሳሳ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት የአቶም ድርድር። እዚህ ጋ ነገሩ ይጣፍጣል። አንድ ድርድር ብቻ የሆነው ኦክሳይድ ወፍራሙን ኦክሳይድ ቀጠን አድርገን ያገኘነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የፓላዲየም ጥናት እንዳሳየው፣ በብረቱ ገጽ ላይ የተገኘችው ስስ ኦክሳይድ የአቶሞቿ አሰላለፍ በመጽሐፍ ከምናውቀው የፓላዲየም ኦክሳይድ ጋር አይገጥምም። ከስሯ ያለው ብረት ይጎትታታል፣ ከላይዋ ያለው ጋዝ ይጎትታታል፣ እሷም በሁለቱ መሃል የራሷን ቅርጽ ይዛ ትቀመጣለች። የሙሉ ኦክሳይዱን ጠባይ መጽሐፍ ላይ አንብቦ «እንግዲህ ካታሊስቱም እንዲህ ይሆናል» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ቅይጥ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ሁለት ብረት ስትቀይጡ ላይኛው ድርድር ውስጡ ካለው ጋር እኩል ድርሻ ይኖረዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ባዶ ቦታ (ቫክዩም) ውስጥ፣ ማለትም ምንም ጋዝ በሌለበት፣ ወደ ላይ የሚወጣው ገጽ ላይ መቀመጥ አነስተኛ ጉልበት የሚጠይቀው ብረት ነው። ኦክስጅን ሲመጣ ሚዛኑ ይገለበጣል። ኦክስጅንን አብልጦ የሚወደው ብረት ከውስጥ እየተሳበ ወጥቶ ኦክሳይድ ይሆንና ሌላውን ይሸፍነዋል። የፕላቲነምና የኒኬል ቅይጥ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቫክዩም ሲሞቅ ላይኛው ድርድር ፕላቲነም ይሆናል። ኦክስጅን ሲነፋበት ኒኬሉ ወጥቶ ኒኬል ኦክሳይድ ይሠራል። አንድ ቅይጥ፣ ሁለት ፊት።

ይህን በዓይን ያሳየ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከካሊፎርኒያ፣ ከበርክሌይ ወጥቷል። የሶሞርጃይና የሳልሜሮን ቡድን ግማሽ ሮዲየም ግማሽ ፓላዲየም የሆኑ 15 ናኖሜትር ገደማ ብናኞችን ወሰደና ጋዝ እያፈራረቀባቸው በኤክስሬይ ተከታተላቸው። የመኪና ጭስ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያልፍባቸው ሮዲየሙ ወደ ቆዳው ወጥቶ ኦክሳይድ ሆነ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመርበት ሮዲየሙ ኦክስጅኑን ጥሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፓላዲየሙ ወጣ። ጋዙ ሲመለስ እነሱም ተመለሱ። ይህ ሁሉ የሆነው በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቪትዟ ሐረጎ ላይ ስታቃስት ካታሊስቷ ከዚህ በላይ ትግላለች። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለት ያልኳችሁ ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም።

ታዲያ ኦክሳይዷ ትጠቅማለች ወይስ ትጎዳለች? ለዚህ አንድ ቃል መልስ የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑ።

ሮዲየም ላይ ትጎዳለች። የሮዲየም ሥራ ናይትሪክ ኦክሳይድን ሰብሮ ናይትሮጅኑን ነጻ ማውጣት ነው። ሞለኪውሉን የሚሰብረው ብረት የሆነው ሮዲየም ነው፣ ኦክሳይድ ሲሆን እጁ ይታሰራል። ለዚህ ነው ብዙ መኪኖች ረጅም ቁልቁለት ወርደው ነዳጅ እንደገና ሲከፈት ለአጭር ጊዜ ቤንዚን አብዝተው የሚረጩት። ያ ትርፍ ነዳጅ ካታሊስቷ ላይ የተከማቸውን ኦክስጅን ይበላና ቆዳዋን ወደ ብረት ይመልሳታል። አየሩ በጣም ግሎ ረጅም ሰዓት ከቆየ ግን ሮዲየም ኦክሳይዱ ከስሩ ባለው የአልሙኒየም ኦክሳይድ ልስን ውስጥ ሟሙቶ ይገባል፣ ከዚያ መልሶ ማውጣት አበሳ ነው። ልስኑ ውስጥ ያለው የሲሪየም ኦክሳይድም የተቀመጠው እንዲሁ አይደለም። ኦክስጅን ሲበዛ ይይዛል፣ ሲጠፋ ይለቃል፣ መወዛወዙን ያለሰልሰዋል።

ፓላዲየም ላይ ደግሞ፣ ነገሩ ሚቴን ማቃጠል ከሆነ፣ ትጠቅማለች። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ሞተሮች ያልተቃጠለ ሚቴን ይተፋሉ። ሚቴን እጅግ ደረቅ ሞለኪውል ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም። በተለመደው የሥራ ሙቀት፣ ኦክስጅን በተትረፈረፈበት፣ ጥሩ አድርጎ የሚሰብረው ፓላዲየም ኦክሳይድ ነው። አየር ውስጥ ወደ 800 ዲግሪ ሲጠጋ ኦክሳይዱ ፈርሶ ብረት ይሆናል፣ ሥራውም ወረድ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ኦክሳይድ ለመሆን ይዘገያል። ፕላቲነም ሲቀየጥበት ደግሞ ፓላዲየሙ ኦክሳይድ ለመሆን ያለው ጉጉት ይቀንሳል። ይሄ አንዳንዴ የሚፈለግ ነው፣ አንዳንዴ የማይፈለግ። ካታሊስት ቀያጮች ደመወዛቸውን የሚበሉት በዚህ ነው።

ሩቴኒየም ለብቻው ታሪክ አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማድረግ ካታሊስት ላይ ከሚጠኑ ሪአክሽኖች ሁሉ ቀላሉ ነው። ሳይንቲስቶቹ በቫክዩም ውስጥ፣ ከከባቢ አየር ግፊት በቢሊዮን እጅ ባነሰ ግፊት ሲለኩት ሩቴኒየም የመጨረሻው ሰነፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግፊቱን ከፍ አድርገው ሲለኩት ከጎበዞቹ ተርታ ወጣ። እንዴት? ለዓመታት አከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ኸርበርት ኦቨርና ባልደረቦቹ መልሱን አወጡ፦ ኦክስጅን ሲበዛ የሩቴኒየሙ ገጽ ሩቴኒየም ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ሥራውን የሚሠራውም እሱ ነው። በኦክሳይዱ ላይ ጎረቤት ያልሞላላቸው የሩቴኒየም አቶሞች አሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ከጎኑ ካለው ኦክስጅን አንዱን ይዞ ይሄዳል፣ የተወሰደውን ቦታ ከአየሩ የሚመጣ ሌላ ኦክስጅን ይሞላዋል። ሰነፍ የተባለው ብረቱ ነበር፣ ጎበዙ ኦክሳይዱ ነው። በዚያ ጽሑፍ ላይ ስሙ ያለው ጌርሃርድ ኤርትል በጠጣር ነገሮች ገጽ ላይ ለሠራው የዕድሜ ልክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ኦክሳይድ ፍለጋ ወጣ። ፕላቲነምና ፓላዲየም ላይም «ፈጣኑ ኦክሳይዱ ነው» ያሉ ነበሩ፣ «የለም፣ ፈጣኑ ኦክስጅን በስሱ የተቀመጠበት ብረት ነው፣ ኦክሳይዱ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው» ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሁለቱም ወገን የለካው ውሸት አይደለም፣ የለኩበት ግፊትና ሙቀት ነው የሚለያየው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነበር። ቆዳው በየሰከንዱ እየተሠራና እየፈረሰ ባለበት «ብረት ነው ወይስ ኦክሳይድ» ብሎ አንዱን ምረጥ ማለት ትርጉም የለውም። መጠየቅ ያለበት ኦክሳይዱ ከሚሠራበት ፍጥነትና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከሚያፈርስበት ፍጥነት የቱ ይበልጣል የሚለው ነው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራው ያለው ዳርቻው ላይ ነው። የቻይናዋ ዳሊያን ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ሥራ ይህን ያሳያል። ፕላቲነም ላይ ትናንሽ የብረት ኦክሳይድ ደሴቶች (ብረት ስል እዚህ ተራውን ብረት፣ የዝገቱን ባለቤት ማለቴ ነው) ሲቀመጡ፣ የደሴቶቹ ጠርዝ ላይ ያሉ የብረት አቶሞች ኦክስጅንን ይዘው ይሰብራሉ፣ አጠገባቸው ያለው ፕላቲነም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይዞ ያቀርባል። ፕላቲነም ብቻውን ሲሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ገጹን ሙሉ ይወርርና ኦክስጅን ማረፊያ ያጣል፣ ቀዝቃዛ ካታሊስት ጠዋት ላይ የማይሠራበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ደሴት ሲኖር መፈናፈኛ ይገኛል። ደሴቱ አድጎ ገጹን ሙሉ ሲሸፍን ደግሞ ጠርዝ ይጠፋል። ኦክሳይድ ሲሸፍን ምን እንደሚመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይታወቃል። በዚያ ዓመት ታውስተርና ባልደረቦቹ በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠ ፕላቲነም በሃይድሮጅን 500 ዲግሪ ላይ ሲሞቅ ሃይድሮጅንም ካርቦን ሞኖክሳይድም መያዝ እንደሚያቆም አሳዩ። በኋላ እንደታወቀው መደገፊያው ኦክሳይድ ራሱ ስስ ሆኖ ብረቱ ላይ ወጥቶ ስለሚሸፍነው ነው።

መወዛወዙን ከመሸሽ ይልቅ መጠቀሚያ ያደረጉትም አሉ። ዳይሃትሱ የተባለው የጃፓን መኪና ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሥራ፣ ፓላዲየሙን ላንታነም፣ ብረትና ኮባልት ባለበት ኦክሳይድ ክሪስታል ውስጥ አስገባው። ኦክስጅን ሲበዛ ፓላዲየሙ ክሪስታሉ ውስጥ ይገባል፣ ኦክስጅን ሲጠፋ በደቃቁ ሆኖ ይወጣል። በመውጣት በመግባት ብናኞቹ ተያይዘው እንዳይገዝፉ ይጠበቃሉ። ብናኝ ሲገዝፍ ገጹ ይቀንሳል፣ ገጹ ሲቀንስ ካታሊስቱ አረጀ ይባላል። የእኛን ሐረጎ አስቦ የሠራው ነው የሚመስለው።

አሁን ከመኪና እንውጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ የመኪና ካታሊስት እዚህ አገር እያረጀ የሚሄድ ዕቃ ነው። የማዳበሪያው ግን ገና እየመጣ ነው።

በሚሌ በኩል ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ የሚገባው መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ ገበሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ዩሪያው ደረሰ አልደረሰ እያለ ይጨነቃል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። የሚያስፈልገው የተፈጥሮ ጋዝ እዚያው ሶማሌ ክልል ካሉት ከካሉብና ከሂላላ መስኮች ይመጣል። ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረውን የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ ታሪክ የሚያስታውስ ሰው «ሲያልቅ እናያለን» ቢል አልፈርድበትም። ግን አልቆ ሥራ ሲጀምር ውስጡ የሚሆነውን ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል።

ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያው ጋር ለመድረስ ጋዙ በተከታታይ የካታሊስት ጋኖች ያልፋል፦ ድኝ የሚያጣሩ፣ ሚቴኑን በእንፋሎት የሚሰብር ኒኬል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚለውጡ የብረትና የመዳብ ካታሊስቶች፣ መጨረሻ ላይ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን የሚያጋባው ተራው ብረት። አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ኦክሳይድ ናቸው። ኒኬሉ ኒኬል ኦክሳይድ ሆኖ ይመጣል፣ መዳቡ መዳብ ኦክሳይድ፣ የአሞኒያው ብረት ደግሞ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድ። እንዳሉ አይሠሩም። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይወጣው ሁሉ እነዚህም መጀመሪያ መሟሸት አለባቸው፣ በእሳት ብቻ ሳይሆን በሃይድሮጅን።

ማሟሸቱ ቀላል አይደለም። የአሞኒያው ብረት ላይ ቀናት ይፈጃል። ሃይድሮጅኑ ከማግኔታይቱ ኦክስጅን ሲነጥቅ ውሃ ይወጣል፣ ያ የውሃ እንፋሎት ወደ ታች ሲወርድ ቀድሞ ብረት የሆነውን መልሶ ኦክሳይድ ያደርገዋል፣ ኦክሳይድ ሆኖ እንደገና ብረት የሆነ ደግሞ ገጹ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው፣ የሚወጣው ውሃም እየተለካ። መዳቡ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሪአክሽኑ ራሱ ብዙ ሙቀት ያወጣል፣ ሃይድሮጅኑ በናይትሮጅን ካልቀጠነ መዳቡ ግሎ ይያያዝና ገና ሥራ ሳይጀምር ያረጃል። ኒኬሉ ላይ ደግሞ እንፋሎት ብቻውን፣ ሃይድሮጅን ሳይኖር፣ ብዙ ሰዓት ካለፈበት ኒኬሉ ተመልሶ ኦክሳይድ ይሆናል፣ በጣም ከጋለም ከአልሙኒየም ኦክሳይዱ ጋር ይዋሃድና ሮዲየሙ እንዳደረገው መልሶ ለማውጣት ያስቸግራል። ፋብሪካ ውስጥ መብራት ሄደ፣ ጋዝ ተቋረጠ፣ እንፋሎቱ ግን ቀጠለ የሚባለው ዓይነት ገጠመኝ ለዚህ ቆዳ አደገኛ ነው።

መብራት ሲቆራረጥ መኖርን እኛ እናውቃለን። ለዚህም ነው የምጨነቀው።

ተሟሽቶ የመጣ የአሞኒያ ካታሊስትም ገበያ ላይ አለ። እሱን አስቀድመው ብረት ያደርጉትና ለጉዞው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያለብሱታል፣ አየር ሲነካው እንዳይነድ። ቆዳው ስስ ስለሆነ ጎዴ ላይ በአጭር ጊዜ ይገፈፋል። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፣ ሥራውን የምታበላሸዋ ኦክሳይድ መርከብ ላይ ጠባቂ ሆና ትጓዛለች። ራኒ ኒኬል የሚባለውን ደግሞ የሚጠብቀው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሙሬይ ራኒ የተባለ አሜሪካዊ የኒኬልና የአልሙኒየም ቅይጥን በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ አልሙኒየሙን አስወጣው፣ የቀረው ኒኬል ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። መጀመሪያ የታሰበው ዘይት በሃይድሮጅን ለማርጋት ነበር። ውሃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ደርቆ አየር ካገኘው እሳት ይይዛል።

ማዳበሪያ ላይ ቅይጡ ይበልጥ የሚታየው ናይትሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሞኒያው ከአየር ጋር የሚቃጠለው ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ በተሸመነ ወንፊት ላይ ነው፣ ሮዲየሙ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ። እዚያ ፕላቲነሙ ኦክስጅን ይዞ ተንኖ ይሄዳል። ጥቂት በጥቂት ይመናመናል፣ ለዚያ ሲባል የሚተነውን የሚይዝ የፓላዲየም ወንፊት ከስር ይዘረጋለታል። ሮዲየሙ ግን አይሄድም። እየቀረ እየበዛ ገጹ ላይ ሮዲየም ኦክሳይድ ይሠራል፣ ያ ሲበዛ አሞኒያው የሚፈለገውን ናይትሪክ ኦክሳይድ መስጠት ይቀንሳል። ስለዚህ ወንፊቱ የሚለወጠው ብረቱ ስላለቀ ብቻ አይደለም፣ ቆዳው ስለተለወጠም ነው።

ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት ላይም ያው ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ግድባችን ተመርቆ ኃይል ከመጣ ወዲህ ይህ ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ኦክስጅኑ በሚወጣበት በኩል የኒኬልና የብረት ቅይጥ ይቀመጣል፣ ግን መብራቱ እንደተለቀቀበት ገጹ ብረት መሆኑን ትቶ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ስስ ሽፋን ይሆናል። ሥራው የሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ በፈሳሹ ውስጥ ያለች ጥቂት የብረት ቆሻሻ እንኳ የኒኬሉን ጠባይ እንደምትለውጥ አሳይቷል።

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ ነው፣ ደረቅ ወደቡ እዚህ ነው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚህ ነው። በርክሌይ ያለውን ዓይነት የኤክስሬይ መሣሪያ ነገ እናመጣለን አልልም፣ እሱ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው። ቆዳውን የሚያውቁበት ርካሽ መንገድ ግን አለ። ከካታሊስቱ ጥቂት ቱቦ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ በአርጎን የቀጠነ ሃይድሮጅን ታሳልፋላችሁ፣ ምድጃውን ቀስ እያላችሁ ታሞቃላችሁ፣ ሃይድሮጅኑ በየትኛው ሙቀት ላይ እንደጎደለ ትመዘግባላችሁ። ፓላዲየም ኦክሳይድ ምድጃው ሳይበራ፣ በክፍሉ ሙቀት ሃይድሮጅን መብላት ይጀምራል። ኒኬል ኦክሳይድ 300 ዲግሪን አለፍ ይላል፣ ከአልሙኒየም ኦክሳይዱ ጋር የተዋሃደው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይርቃል። የተመዘገበው በመስመር ሲሳል ጉብታው የት እንደወጣ አይቶ ቆዳው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነም መናገር ይቻላል። ከጋራዥ የወጣች አሮጌ ካታሊስት ለተማሪ ጥሩ መለማመጃ ናት፣ ቀልጣ ከመሸጧ በፊት ከመሃሏ ቁራጭ ቢወሰድ የሚጎዳ የለም።

ጎዴ የሚገባ ኢንጂነር ደግሞ ከሁሉ በፊት መልመድ ያለበት ፋብሪካ መዝጋትን ይመስለኛል። ለጥገና ጋኑ ሲከፈት ውስጡ ያለው ኒኬል ወይም መዳብ ወይም ብረት ኦክስጅን የተራበ ነው፣ አየር ድንገት ከገባበት ይነዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ናይትሮጅን ይሞላበታል፣ ከዚያ ከ1 በመቶ ባነሰ ኦክስጅን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይመገባል። አንድ ሰው ቴርሞሜትሮቹ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀመጣል። ሙቀቱ ሽቅብ ካለ አየሩ ይቆረጣል፣ ሲረጋጋ እንደገና ይከፈታል። ኦክስጅኑ ጨምሮም ሙቀቱ ካልተነሳ ቆዳው ሙሉ ሆኗል፣ ክዳኑን መክፈት ይቻላል።